ልጅዎን ከሶሺዮሎጂ አያስወጡብን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት በአንባቢያን ዓምድ ላይ ያወጡትን ደብዳቤ ከሥራ ስመለስ ሰርቪስ ውስጥ አነበብኩት። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሶሺዮሎጂ፣ ማለትም የኅብረተሰብ ጥናት፣ ደርሷታል። እሳቸው ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ ለፍቼ ሥራ አጥ ልረከብ ነው ወይ ብለው አዝነዋል፤ መንግሥት እነዚህን የሶሻል ዲፓርትመንቶች ዘግቶ ገንዘቡን ለቴክኖሎጂ ያውለው ሲሉም ጽፈዋል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ደግሜ ሳነበው ግን የገዛ አባቴ ድምፅ መሰለኝና ንዴቱ ለቀቀኝ።

እኔም የተማርኩት ሶሺዮሎጂ ነው። በ2009 ተመረቅሁ። በእኛ ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር፣ ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ገና አልተመለሰም። ምደባው የወጣ ቀን አባቴ ትንሽ አሰበና "እሺ፣ ስትጨርሺ ምን ተብለሽ ነው የምትጠሪው?" አለኝ። የጎረቤታችን ልጅ ኢንጅነር ሊባል ነው፣ የአክስቴ ልጅ ዶክተር። እኔስ? ያን ቀን መልስ አልነበረኝም፣ እውነቱን ለመናገር ዛሬም የለኝም። እናቴ ለሰፈር ሰው ስትናገር "ሶሻል ነገር ነው" ብላ ቶሎ ወሬ ትቀይር ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ገና 11ኛ ክፍል ላይ ነው። "ሶሻል ነሽ ናቹራል?" ይባላል፤ ሶሻል ካልሽ ጠያቂው "አይዞሽ" ሊልሽ ምንም አይቀረው። በዚያን ዘመን መንግሥትም 70 በ30 የሚል የቅበላ ፖሊሲ ነበረው፦ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ናቹራልና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ሶሻል። አገር ኢንጅነር ያስፈልጋታል፣ እሱን አልከራከርም። እኛ ሠላሳዎቹ ጆሮ የደረሰው ግን "እናንተ የተረፋችሁ ናችሁ" የሚል ነበር።

እኚያ አባት ያልተሳሳቱበት ነገር አለ፣ እሱን ልመን። ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቤት ተቀምጫለሁ። በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ ወይም ተዛማጅ የትምህርት ዘርፍ" ይላል። ያቺ "ተዛማጅ" የምትባል ቃል ስንት ሰው እንዳስለቀሰች የሚያውቅ ያውቃል። ሶሺዮሎጂ ተዛማጅ ነው አይደለም እያልኩ በየመስኮቱ ተከራክሬያለሁ፤ አንዱ መዝጋቢ ዲግሪዬን ገልብጦ ጀርባውን ሁሉ አየው፣ እዚያ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል።

በመጨረሻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠረኝ። የኢንዱስትሪ ፓርካችን በሐምሌ 2008 ሲመረቅ 52 ሼድ ይዞ፣ ሲሞላ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር፤ እኔ ስገባ ከተማው ገና በዚያ ተስፋ ላይ ነው። ሥራዬ ቀላል ነው፦ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ማን ለቀቀ። ሦስተኛው ነው የበዛብኝ። ደመወዝ የተከፈለ ማግሥት ላይኑ፣ ማለትም የስፌት መስመሩ፣ ሳስቶ ይገኛል። ሠልጥና፣ እጇ ገና ተፍታቶ፣ ታርጌት መምታት የጀመረች ልጅ ድንገት ትጠፋለች። በምትኳ አዲስ ትገባለች፣ እሷም ትጠፋለች።

አለቃዬ የነበረው ሰው ምክንያቱን አውቀዋለሁ ባይ ነበር። "ስንፍና ነው፣ የፋብሪካ ባህል የላቸውም" ይላል። በየስብሰባው ይላታል፣ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ስብሰባው ያልቃል።

እኔ ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሃንድአውት አንድ የገባኝ ነገር ነበር፦ ስም ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ። የሃያ ገጽ ደብተር ገዛሁና ክሊራንስ ሊያስፈርሙ የሚመጡትን ልጆች አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመርኩ። በፎርሙ ላይ የሚሞላው "በግል ምክንያት" ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ወንበር ሰጥተሽ፣ ሻይ ቀድተሽ፣ በተለይ ደግሞ በሲዳምኛ ስትጠይቂ የሚመጣው መልስ ሌላ ነው። ዳቶ አካባቢ አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ አንዷ ከለቀቀች ኪራዩ ለሦስቱ ይከብዳል፣ ስለዚህ አንዷ ስትሄድ ሌሎቹም ይከተላሉ። የማታ ሺፍት የወጣች ልጅ ሰርቪሱ ካወረዳት ቦታ እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ጨለማ ነው፣ ተለክፋለች፣ ደግማ አትመጣም። ከቡና ወረዳ የመጡት በጥቅምትና ኅዳር ለለቀማ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ በዚያ ወር እዚያ የሚገኘው ገንዘብም፣ የቤተሰብ ግዴታውም ከፋብሪካው ይበልጣል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ደግሞ ቀኑን የሚያሳውቁት ኮከብ የሚከታተሉት አያንቶዎች ናቸው፤ የእኛ የምርት ዕቅድ ግን የሚሠራው ከባሕር ማዶ በመጣ ካላንደር ነው። ሱፐርቫይዘር በሰው ፊት የሰደባት፣ ወገቧን ያመማት፣ ሁሉም አለ። ደመወዙማ በሁሉም መልስ ውስጥ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት የዘርፉ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነው፣ በዓለም ከታወቁት ዝቅተኛው ነው ሲል የጻፈው ስለ እኛው ከተማ ነበር።

"ሰነፍ ስለሆንኩ" ያለችኝ አንድም የለችም። እንደዚያ የሚል ሰው አይኖርም ትሉኝ ይሆናል፣ ልክ ናችሁ። ቢሆንም የደብተሩ መልሶች ተደራርበው ሲታዩ መልክ አላቸው፤ መልክ ያለው ነገር ደግሞ ስንፍና አይባልም።

በኋላ እንዳነበብኩት ይህንኑ ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችም ጠይቀውታል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማምተው፣ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ አመልካቾች ውስጥ ማን እንደሚቀጠር በዕጣ እንዲለይ አደረጉ፤ ከዚያ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ተከታተሉ። ሥራው ከደረሳቸው ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ ዓመቱ ሳይሞላ አብዛኞቹ አልነበሩም። ይህ ማሽን በመቁጠር የሚገኝ እውቀት አይደለም፤ ሰው በመጠየቅ የሚገኝ ነው። የሚያሳዝነው፣ ከሐዋሳ ተመራቂዎች ስንቱ ይህን ጥናት እንዲያነብ ተደርጓል?

የእኔ ደብተርስ ምን ሆነ አትሉም? ሪፖርት አድርጌ አቀረብኩት፣ መሳቢያ ገባ። ከስምንት ወር በኋላ ግን የሰርቪሱ ማውረጃ መብራት ወዳለበት መንገድ ተዛወረ፤ ማን እንዳዘዘ አልተነገረኝም። ለእኔ ያ በቂ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ኦፕሬተር ለቅሶ አለብኝ ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ሱፐርቫይዘሩ "ሟቿ ምንሽ ናት?" ይላታል። "የጎረቤት እናት ናት" ትለዋለች። ሳቀ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፣ ጎረቤት ደግሞ ዘመድ አይደለም፤ ስለዚህ ከቀረች ቀሪ ነው፣ ዋርኒንግ ነው። ልጅቷ ግን እናቷ የሞተችው በሕፃንነቷ ነው፣ ያሳደገቻት ያቺ ጎረቤት ናት። እኛ አገር ይህን ለማስረዳት ሶሺዮሎጂ አያስፈልግም፣ ማንም እድርተኛ ያውቀዋል፤ ችግሩ እድርተኛው አዋጁን አያውቅም፣ አዋጁን የያዘው ሱፐርቫይዘር ደግሞ ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ እድርተኛነቱን ይረሳዋል። ያው አዋጅ ልዩና አሳሳቢ ነገር ላጋጠመው ሠራተኛ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንደሚሰጥ አሳየሁት። ሄደች፣ ቀበረች፣ ተመለሰች። እስከማውቀው ድረስ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርታለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ይህ እኔ በደብተርና በድንግርግር የተማርኩት ነገር ስም ያለው ትምህርት ነው። ኢንዱስትሪያል ሪሌሽንስ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ማለት ነው። ሰው ሲሰማው ሕግ ብቻ ይመስለዋል። ሕግ አለበት፣ ግን ኢኮኖሚክስም፣ ሶሺዮሎጂም፣ ሳይኮሎጂም፣ ታሪክም አለበት፤ ደመወዝ እንዴት ይወሰናል፣ ሰው ለምን ያድማል፣ ማኅበር እንዴት ይቆማል፣ ድርድር ላይ ማን ምን ይዞ ይቀመጣል የሚለውን ባንድ ላይ ያያል። የመጣውም ከፋብሪካ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሲድኒና ቢያትሪስ ዌብ የሚባሉ ባልና ሚስት የሠራተኛ ማኅበራትን ሲያጠኑ ኖሩ፤ ዛሬ የኅብረት ድርድር የምንለውን አጠራር ለእንግሊዝኛ የሰጠችው ቢያትሪስ ናት፣ የለንደኑን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1895 ከመሠረቱት ሰዎች ውስጥም ሁለቱም አሉበት። አሜሪካ ውስጥ የኒውዮርክ ስቴት እ.ኤ.አ. በ1945 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ትምህርት ብቻ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፈተ። ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት፣ ሥራ ማቆም አድማ አገሩን ሲንጠው። የከፈቱት ኢንጅነር ስላነሳቸው አልነበረም።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ወንጂ እዚሁ አዳማ አጠገብ ነው፤ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኞች በዚህች አገር ቀድመው ከተደራጁት ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሥሩ በ1955 የተቋቋመው ኮንፌዴሬሽን ነው፤ ያ ኮንፌዴሬሽን የካቲት 1966 መጨረሻ ላይ የጠራው አጠቃላይ አድማ በአብዮቱ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ላይ የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብትን ጽፏል። ይህን ሁሉ ሶሺዮሎጂ ስማር አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልሰማሁም። የሰማሁት የሶሺዮሎጂ አባቶች የሚባሉትን ዱርኬም፣ ዌበር፣ ማርክስን ነው፤ ትርጉማቸውን በቃሌ ሸምድጄ ለፈተና ጻፍኩ፣ ከፈተና ስወጣ ረሳሁ። ዱርኬም ሥራ ሲከፋፈል ሰውና ሰውን ምን ያያይዘዋል ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ከካምፓሳችን በር በባጃጅ እንደሚደረስ ማንም አልነገረኝም።

እና እኔ የምለው፣ ዲፓርትመንቱ ይዘጋ ሳይሆን በሩ ይከፈት ነው። ሶሺዮሎጂውን ካምፓስ ውስጥ ያለ ፋብሪካ እናስተምራለን፣ ፋብሪካውን ደግሞ ያለ ሶሺዮሎጂ እናስተዳድራለን። ከዚያ ሁለቱም አልሠራ ሲል ተማሪዋን እንወቅሳለን።

በዚህ ምክንያት የሚደርሰውን ጥፋት ከሌላ ሰው ላይ አልጥቀስ፣ ከራሴ ልናገር። አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲወጣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ተቀይሯል። በድሮው አዋጅ 377/1996 ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.25 ነበር የሚባዛው፤ አዲሱ 1.5 አደረገው፣ የሌሊቱን ደግሞ ከ1.5 ወደ 1.75 ከፍ አደረገ። እኔ ያኔ ፔይሮል ማዘጋጀት ጀምሬ ነበር። በድሮው ሒሳብ ሠራሁት። አንድ ወር አይደለም፣ ሁለት ወር። ማን ነገረኝ? ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ ካውያ ላይ የምትሠራ ልጅ፣ የነጋሪት ጋዜጣውን ፎቶ ኮፒ አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጣችና "እህቴ፣ ይቺን አንብቢልኝ እስቲ" አለችኝ። ማንበብ ጠፍቷት አልነበረም። ፊቴ ጋለ። ልዩነቱ ተከፈለ፣ እኔ ግን ያን ቀን ዲግሪዬን ሳስበው ለአባቴ ጥያቄ ሌላ ዓይነት መልስ የመጣልኝ መሰለኝ፦ የምጠራው "አላዋቂ" ተብዬ ነው።

አብረውኝ የሚሠሩትም ከእኔ አይሻሉም ነበር። አንዱ አካውንቲንግ፣ አንዷ ማኔጅመንት፣ አንዱ እንዲያውም እንስሳት እርባታ። በዚያ በኩል ደግሞ የማኅበሩ ተወካዮች አሉ። ማኅበር ለማቋቋም አሥር ሠራተኛ ይበቃል፤ ማቋቋሙ ቀላል ነው፣ መደራደሩን ግን የሚያስተምር የለም። የኅብረት ስምምነት ስብሰባ ላይ ሁለቱም ወገን ባዶ ወረቀት ይዞ ይቀመጣል። የኑሮ ውድነቱ በስንት ጨመረ፣ ፋብሪካው አንድን ልጅ ለማሠልጠን ስንት ያወጣል፣ ስትለቅ ስንት ይከስራል፣ ይህን አስልቶ የመጣ የለም። ስለዚህ ወይ ጩኸት ነው ወይ ዝምታ። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ዓመታት አለፉ፣ የግሉ ዘርፍ ግን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም። ወለሉ ስንት ይሁን ቢባል በሐዋሳ የአንዲት ልጅ ወር በምን እንደሚያልፍ ቁጭ ብሎ የቆጠረ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ማነው? የሶሻል ተማሪ ነዋ።

በ2014 አጎዋ፣ ማለትም ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል፣ የተቋረጠ ሰሞን ይህ ክፍተት አፍጥጦ ወጣ። ትልልቅ ገዢዎች ሄዱ፣ ሼዶች ጨለሙ፣ ልጆቹ በቡድን በቡድን በሩ ላይ ቆመው ስንብት ክፍያ ምንድን ነው፣ ለማን ይገባል ይላሉ። መልስ የሚሰጥ ሠራተኛም አሠሪም ጥቂት ነበር። ያኔ አንድ መቶ በአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት የተመረቁ ልጆች በዚህች ከተማ ቢኖሩ ኖሮ አጎዋን አያስመልሱም፤ ቢያንስ ግን አንዲት ልጅ የሚገባትን ሳታውቅ በባዶ ቦርሳ አትሳፈርም ነበር።

የምጠይቀው ብዙ ሕንፃ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ በተለይ ፓርክ ያለባቸው ከተሞች ውስጥ ያሉት፣ ለሶሺዮሎጂ፣ ለሳይኮሎጂ፣ ለማኔጅመንትና ለሕግ ተማሪ የሚሆን አንድ የጋራ ዘርፍ ይክፈቱ። ሁለተኛ ዲግሪ ላይም ቢሆን ይጀመር። ተማሪው አንድ ሴሚስተር ሼድ ውስጥ፣ አንድ ሴሚስተር ማኅበር ወይም ሥራና ክህሎት ቢሮ ውስጥ ይዋል። የኢንዱስትሪያል ኢንጅነሪንግ ልጆችም አንድ ኮርስ ይውሰዱ፤ የአጎቴ ልጅ አዳማ ተምሮ ላይን ባላንስ ማድረግን፣ ማለትም ሥራውን በየማሽኑ እኩል ማከፋፈልን፣ እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ ሥራ የጀመረ ሳምንት ግን አርባ ሴት ባንዴ እጇን አጣጥፋ ስትቆምበት የደወለው ለእኔ ነው።

አሁን ደግሞ እርስዎን፣ ደብዳቤውን የጻፉትን አባት፣ ላናግርዎ። ጋሼ፣ ልጅዎ ሥራ ታገኛለች ብዬ አልምልልዎትም። እኔም በስንት መከራ ነው ያገኘሁት። ግን ዲፓርትመንት ልቀይር ብላ በየቢሮው ከምትንከራተት ያንን ጉልበት ለሌላ ታውለው። ስታቲስቲክስ የሚባለውን ኮርስ እንዳትሸሸው፤ ሶሻል የገባነው ከቁጥር ለማምለጥ ነው የሚባለው እዚያ ላይ ነው የሚያጠፋን። አዋጅ 1156ን ገዝታ ታንብበው፣ መጽሐፍ መደብር ይሸጣል፣ ውድ አይደለም። የምትማርበት አካባቢ ቋንቋ ካልሆነላት ትልመደው፤ እኔ ሲዳምኛ ባልችል ኖሮ ደብተሬ ላይ የሚገኘው "በግል ምክንያት" ብቻ ነበር። መውጫ ፈተናው አለባት፣ እሱንም ከወዲሁ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣች ዕለት ደግሞ ወደ ሐዋሳ ይላኳት። ከሃያ ገጹ ደብተር ቀጥሎ ሌሎች ስድስት ሞልቻለሁ፣ እኔ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ አልለየኋቸውም። የልጆቹን ስም ሸፍኜ እሰጣታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ